«የሕይወት ማብሪያ» የሚባል ጂን የለም፦ ስለ ኦክት4 ለተጻፈው የተሰጠ ምላሽ

ባለፈው ወር እዚህ ደሴ በተማሪዎቼ እጅ ሲዞር ያገኘሁት «የሕይወት ማብሪያው ጂን» የሚል ጽሑፍ፣ ኦክት4 ስለሚባለው ጂንና በሕዋስ ኒውክለስ ውስጥ ስለሚሠራው ፕሮቲኑ ያትታል። ጸሐፊው የሚሉት ባጭሩ ይህ ነው፦ ጂኑ ብቻውን የፅንስን ሕይወት ያስጀምራል፤ ፕሮቲኑ በበዛ ቁጥር ሕዋስ ወጣት ይሆናል፤ በአዋቂ ሰው ደም ውስጥም ስለተገኘ ሁላችንም የፅንስ ሕዋስ ይዘን እንኖራለን፤ ፕሮቲኑ በኒውክለስ ውስጥ ቀለም ይዞ መታየቱም ለዚህ በቂ ማስረጃ ነው፤ በአይጥ የታየው በሰውም ያው ነው፤ በመጨረሻም እንዲህ ያለውን ጥናት ለባለጸጎቹ አገሮች ትተን እኛ ውጤቱን መጠበቅ ይበቃናል።

ጽሑፉ የሚነበብ አማርኛ አለው፤ ጸሐፊውም ወጣቶች ስለ ሕዋስ ሳይንስ እንዲያነቡ ተመኝተው እንደጻፉት አልጠራጠርም። ዝም ብዬ እንዳላልፈው ያደረገኝ ግን አንድ ነገር አለ። ሰኞ ለገበያ ከኩታበር የመጡት አክስቴ ቤቴ ጎራ ብለው፣ ቡናው ቶና ላይ ሲደርስ፣ የልጅ ልጃቸው ጽሑፉን ከስልኳ እንዳነበበችላቸው አጫወቱኝና «ልጄ፣ ይህ ሕዋስ ያድሳል የተባለው መርፌ ስንት ያስወጣል? ጉልበቴን የሚያሽርልኝ ከሆነ ያቺን ጊደር ብሸጣትስ?» ብለው ጠየቁኝ። «አብሽሩ አክስቴ፣ ጊደሯን አይንኩብኝ፤ እንዲህ ያለ መርፌ የለም» አልኳቸው። በጽሑፉ ውስጥ መርፌ የሚል ቃል አንድም ቦታ አልተጻፈም። ነገር ግን «ፕሮቲኑ በበዛ ቁጥር ሕዋስ ወጣት ይሆናል» የሚል ዓረፍተ ነገር የሰማ ሕመምተኛ መርፌውን ራሱ አስቦ ይደርስበታል፤ ሻጭም አያጣም።

ወደ ነጥቦቹ ከመግባቴ በፊት ስለ አንድ ቃል ልናገር። አማርኛችን የእንቁላሉን ቢጫ ክፍልም የሕዋስን ማዕከልም «አስኳል» ይላል። ጸሐፊው ሁለቱን ሳይለዩ ስለተጠቀሙበት፣ «ፕሮቲኑ በአስኳሉ ውስጥ ይከማቻል» የሚለውን ያነበበ አንድ ተማሪዬ እንቁላል አብዝቶ መብላት ይጠቅም እንደሆነ ጠይቆኛል። ስለዚህ እኔ ዲኤንኤ የሚገኝበትን የሕዋስ ክፍል ኒውክለስ፣ የእንቁላሉን ቢጫ ደግሞ አስኳል እላለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመቶችም ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጂኑ በሰው 6ኛ ክሮሞዞም ላይ ይገኛል፤ በመዝገብ የሚታወቅበት ስሙ ፓው5ኤፍ1 ነው። የሚያስገኘው ዋናው ፕሮቲን 360 አሚኖ አሲዶች አሉት። «ኦክት» የተባለው ስምንት ከሚል ቃል ነው፤ ምክንያቱም ፕሮቲኑ በዲኤንኤ ላይ ኤ-ቲ-ጂ-ሲ-ኤ-ኤ-ኤ-ቲ የሚሉ ስምንት ፊደሎች የተደረደሩበትን ስፍራ ፈልጎ ይይዛል፤ በዚያም ሌሎች ጂኖች እንዲነበቡ ወይም ሳይነበቡ እንዲቆዩ ያደርጋል። እንደ ሌሎቹ ፕሮቲኖች ሁሉ የሚመረተው ከኒውክለስ ውጭ በሳይቶፕላዝም ነው። ወደ ኒውክለስ የሚገባው አርጂኒንና ላይሲን እየተፈራረቁ የተሰለፉባት የአምስት አሚኖ አሲዶች ምልክት በላዩ ስላለች ነው፤ ተመራማሪዎች ይህችን ምልክት ሲቆርጡበት መግባት ይሳነዋል። እስከዚህ ድረስ ከጸሐፊው ጋር አንለያይም። ኦክት4 የኒውክለስ ፕሮቲን ነው፤ ሥራውም ሌሎች ጂኖችን ማዘዝ ነው።

የምንለያየው ጂኑ «ብቻውን የፅንስን ሕይወት ያስጀምራል» ከሚለው ጀምሮ ነው። አንድ ጂን ምን እንደሚሠራ ለማወቅ ከሁሉ የሚሻለው መንገድ ጂኑን አስወግዶ የሚጎድለውን ማየት ነው። በ1998 የታተመው የአይጥ ጥናት ያደረገው ይህንኑ ነበር። ጂኑ ከአባትም ከእናትም ወገን የጠፋባቸው ፅንሶች ተፀንሰዋል፤ ሕዋሶቻቸው ተከፋፍለዋል፤ ብላስቶሲስት እስከሚባለው፣ በውስጡ ፈሳሽ የያዘ የሕዋሶች ኳስ እስከሚሆኑበት ደረጃም ደርሰዋል። ችግሩ የታየው በዚያ ላይ ነው። የፅንሱን አካል መሥራት የነበረባቸው የውስጥ ሕዋሶች ያን አቅማቸውን አጥተው፣ እንግዴ ልጅን የሚሠሩትን የውጭ ሕዋሶች መስለው ተገኙ። ጂኑ ሕይወትን የሚያስጀምር ቢሆን ኖሮ እነዚያ ፅንሶች የመጀመሪያዋን ክፍፍል እንኳ ባላለፉ ነበር። «እናቲቱ በእንቁላሏ ያስቀመጠችላቸው ፕሮቲን ነው እስከዚያ ያደረሳቸው» የሚል ክርክር ሊነሣ ይችላል፤ ተገቢም ክርክር ነው። በ2013 ግን የእናቲቱ ድርሻ ጭምር ተወግዶ ተሞከረ፤ ፅንሶቹ አሁንም ብላስቶሲስት ደረሱ። ስለዚህ የኦክት4 ሥራ ማስጀመር አይደለም። የውስጥ ሕዋሶች ወደየትኛውም የአካል ክፍል የመለወጥ አቅማቸውን ይዘው እንዲቆዩ መጠበቅ ነው።

ጸሐፊው ለዚሁ ነጥብ የጃፓናዊውን ሳይንቲስት የሺንያ ያማናካን ሥራ ለምስክርነት ጠርተዋል። ምስክሩ ግን የሚመሰክረው ለእሳቸው አይደለም። ያማናካና የሥራ ባልደረባው ካዙቶሺ ታካሃሺ ከ24 ጂኖች ተነሥተው እያጣሩ፣ በ2006 የጎለመሰ የአይጥ ሕዋስን ወደ ፅንስ መሰል ሁኔታ የሚመልሱትን ለዩ፤ የቀሩላቸው ኦክት4፣ ሶክስ2፣ ኬኤልኤፍ4 እና ሲ-ሚክ ናቸው። አራት ናቸው እንጂ አንድ አይደሉም። በ2009 ኦክት4 ብቻውን የአይጥ የነርቭ ግንደ ሕዋሶችን (ራሳቸውን እያባዙ ወደ ሌሎች ሕዋሶች መለወጥ የሚችሉትን) እንደመለሰ የታየው እውነት ነው፤ ሆኖም እነዚያ ሕዋሶች ሶክስ2ንና ሌሎቹን አስቀድመው በራሳቸው ያመርቱ ስለነበር «ብቻውን» የሚለው ቃል እዚያ ላይ የሚይዘው ጠባብ ትርጉም ነው። ከሁሉ የሚያስገርመው ደግሞ በ2019 የወጣው ውጤት ነው። ጂኑን ቀድመው ካገኙት ሳይንቲስቶች አንዱ የሆነው የሃንስ ሾለር ቡድን ኦክት4ን ከአራቱ አስወጥቶ፣ በቀሩት ሦስቱ ብቻ የአይጥ ሕዋሶችን መመለስ እንደሚቻል አሳየ። ሕዋሶቹ ሲመለሱ የራሳቸው ኦክት4 ይነቃል፤ ከውጭ መጨመሩ ግን ግድ አልነበረም። ሕይወት ዘመኑን በዚህ ጂን ላይ ያሳለፈ ሰው የራሱን ጂን ከዙፋኑ ለማውረድ አላመነታም፤ እኛ በአማርኛ የምንጽፈውም ቢያንስ ይህን ያህል ልንጠነቀቅ ይገባናል።

ሁለተኛው፣ ፕሮቲኑ በበዛ ቁጥር ሕዋስ ወጣት ይሆናል የሚለው፣ ከሁሉም ይልቅ የሚያሳስበኝ ነው፤ የአክስቴ ጥያቄ የመጣውም ከዚህ ነው። በ2000 የታተመ የአይጥ ግንደ ሕዋሶች ጥናት የፕሮቲኑን መጠን ወደላይና ወደታች እያደረገ ውጤቱን መዝግቧል። መጠኑ ሲቀንስ ሕዋሶቹ ወደ እንግዴ ልጅ ወገን ይሄዳሉ፤ ይህ የሚጠበቅ ነው። ከተለመደው መጠን ሁለት እጥፍ ሳይሞላ ብቻ ከፍ ሲል ግን ሕዋሶቹ ወጣትነታቸውን አላራዘሙም፤ እንዲያውም ያን አቅማቸውን ጥለው ወደ ሌሎች የሕዋስ ዓይነቶች ተለወጡ። መጠኑ በጠባብ ወሰን ውስጥ ሲሆን ብቻ ነው ሕዋሱ ባለበት የሚጸናው። በ2005 ደግሞ በአዋቂ አይጦች ገላ ውስጥ ጂኑ ያለ ቦታው እንዲሠራ ተደረገ። በአንጀትና በቆዳ ያሉት ሕዋሶች መብሰል ትተው በተዛባ ሁኔታ መባዛት ጀመሩ፤ ወደ ካንሰር የሚያመራ ዓይነት እድገት ታየባቸው። በሰውም ቢሆን የበሽታ መርማሪ ሐኪሞች ይህን ፕሮቲን በኒውክለስ ውስጥ የሚፈልጉት አንዳንድ የዘር ፍሬ ካንሰሮችን ለመለየት ነው። በአዋቂ ሰው ሕብረ ሕዋስ ውስጥ ኦክት4 በዝቶ መገኘቱ ለሐኪም የማስጠንቀቂያ ደወል ነው፤ ጸሐፊው ግን ለአንባቢ እንደ ምሥራች አቅርበውታል።

ሦስተኛውንና አራተኛውን ነጥብ አንድ ላይ ላንሣቸው፤ አንዱ የቆመው በሌላው ላይ ነውና። ጸሐፊው በአዋቂ ሰው ደም ውስጥ ኦክት4 መገኘቱን የጻፉት ከራሳቸው ፈጥረው አይደለም። እንዲህ የሚሉ የምርምር ጽሑፎች በብዛት ወጥተው ነበር፤ ብዙዎቹ ግን የመለኪያ ስህተት ነበረባቸው፤ ስህተቱም በራሴ እጅ ስለደረሰ በደንብ አውቀዋለሁ።

ለሁለተኛ ዲግሪዬ በምሠራበት ቤተ ሙከራ ከጎለመሱ ሕዋሶች አርኤንኤ፣ ማለትም ጂን ሲነበብ የሚወጣውን ቅጂ፣ አውጥቼ፣ ወደ ዲኤንኤ ቅጂ ቀይሬ፣ የተፈለገውን የዲኤንኤ ክፍል በሚያባዛው ዘዴ በፒሲአር ኦክት4ን ፈለግሁ። የዲኤንኤ ቁራጮች በመጠናቸው በሚለዩበት ጄል ላይ፣ ልክ በሚጠበቀው ስፍራ፣ ጥርት ያለች መስመር ወጣች። ደጋገምኩት፤ ደጋግማ ወጣች። ወደ አራት ወር ገደማ ለዚያች መስመር ትርጉም ስፈልግላት ከቆየሁ በኋላ አንድ ከእኔ የበለጠ ልምድ ያላት ባልደረባዬ «ወደ ዲኤንኤ የሚቀይረውን ኢንዛይም ሳትጨምር ሠርተህ ታውቃለህ?» አለችኝ። አልሠራሁም ነበር። ያለ ኢንዛይሙ ምንም መውጣት አልነበረበትም፤ መስመሯ ግን እንደ ወትሮዋ ቁጭ አለች። ስህተቱ የኔ ነበር። የማየው አርኤንኤውን ሳይሆን በናሙናው ውስጥ ሳይጠራ የቀረ የሕዋሱን የራሱን ዲኤንኤ ነበር።

ለምን በትክክለኛው ስፍራ ወጣች? ምክንያቱም በሰው ዲኤንኤ ውስጥ የኦክት4 ሱዶጂኖች አሉ። እነዚህ በዝግመተ ለውጥ ዘመን ከጂኑ አርኤንኤ ተቀድተው በሌሎች ክሮሞዞሞች ላይ ተመልሰው የተሰኩ፣ ጂኑን የሚመስሉ ቅጂዎች ናቸው። ዋናው ጂን የሚነበቡትን ክፍሎች የሚለያዩ ኢንትሮኖች አሉት፤ እነሱ ግን ከአርኤንኤ ስለተቀዱ ኢንትሮን የላቸውም። ስለዚህ በመጠን ብቻ ከእውነተኛው የአርኤንኤ ቅጂ መለየት አይቻልም። ይህን ያልተጠነቀቀ ሰው ከማንኛውም የሰው ሕዋስ፣ ከምራቅም ቢሆን፣ «ኦክት4 አገኘሁ» ሊል ይችላል።

በፕሮቲኑ በኩልም ወጥመድ አለ። ጂኑ በአንድ መልክ ብቻ አይነበብም። ኦክት4-ኤ የሚባለው በኒውክለስ ውስጥ የሚሠራውና የግንደ ሕዋስን ጠባይ የሚጠብቀው ነው። ኦክት4-ቢ የሚባለው ደግሞ በአብዛኛው በሳይቶፕላዝም የሚቀርና ያን ሥራ የማይሠራ ነው። ሁለቱ በጅራታቸው በኩል አንድ ናቸው፤ የሚለያዩት በፊተኛው ጫፋቸው በኩል ነው። ጅራቱን የሚይዝ አንቲቦዲ (አንድን ፕሮቲን ለይቶ የሚይዝ ሞለኪውል) የተጠቀመ ተመራማሪ የትኛውን እንዳየ ሊያውቅ አይችልም።

ስለዚህ ጸሐፊው «በኒውክለስ ውስጥ አረንጓዴ ሆኖ በዓይን ታይቷል፤ ከዚህ ወዲያ ምን ማስረጃ ይፈለጋል?» ሲሉ፣ መልሱ ብዙ ነገር ይፈለጋል የሚል ነው። በፍሎረሰንት ማይክሮስኮፕ ሲያዩ መስኩ በመጀመሪያ ጥቁር ነው። ዲኤንኤ ላይ የሚለጠፈውን ቀለም የሚያበራው ጨረር ሲከፈት ኒውክለሶቹ እንደ ሰማያዊ ባቄላ እዚህም እዚያም ይወጣሉ። ማጣሪያው ተቀይሮ አንቲቦዲው ያለበትን የሚያሳየው ሲመጣ አረንጓዴው ይታያል፤ ከሰማያዊዎቹ ጋር ልክ ሲገጥም ደስታው ልብ ይሰርቃል። ነገር ግን የመጀመሪያውን አንቲቦዲ የሚይዘውና ቀለሙን የተሸከመው ሁለተኛው አንቲቦዲ ብቻውን ሲፈስበትስ ያው አረንጓዴ ይመጣል ወይ? ጂኑ ፈጽሞ የማይነበብበት ሕዋስ ላይስ? ጂኑ እንዲዳከም በተደረገበት ሕዋስ ላይ ቀለሙ አብሮ ይደክማል ወይ? በሌላ ዘዴ ፕሮቲኑ በክብደት ሲለይ በሚጠበቅበት፣ በ45 ኪሎዳልተን አካባቢ፣ ይገኛል ወይ? እነዚህ ሳይጠየቁ አረንጓዴ ቀለም አረንጓዴ ቀለም ብቻ ነው። ሁሉም ተጠይቀው ቢመለሱ እንኳ የምናውቀው ፕሮቲኑ የት እንዳለ ነው፤ ምን እንደሚሠራ የሚነግረን እሱን ማስወገድ ነው።

ያም ተሞክሯል። በ2007 በታተመ ጥናት ኦክት4 ከአዋቂ አይጦች የተለያዩ ሕብረ ሕዋሶች እንዲወገድ ተደረገ፤ ከእነዚህም አንጀት፣ የአጥንት መቅኔ፣ ጉበትና አንጎል ይገኙበታል። ሕብረ ሕዋሶቹ ራሳቸውን ማደሳቸውን ቀጠሉ፤ ከጉዳትም አገገሙ። በአዋቂ ገላ ውስጥ ያሉት ግንደ ሕዋሶች፣ ደማችንን ዕለት ዕለት የሚያድሱትን ጨምሮ፣ ያለ ኦክት4 የሚሠሩ ናቸው። ሁላችንም የፅንስ ሕዋስ ይዘን እንዞራለን የሚለው ከዚህ በኋላ የሚቆምበት መሬት የለውም።

አምስተኛው፣ በአይጥ የታየው በሰውም ያው ነው የሚለው፣ ብዙ አያከራክርም፤ ተፈትሿልና። በለንደን በፍራንሲስ ክሪክ ተቋም በካቲ ኒያካን የተመራው ቡድን፣ ለመካንነት ሕክምና ከተዘጋጁት ተርፈው ባለቤቶቻቸው ለምርምር በለገሷቸው የሰው ፅንሶች ላይ ጂኑን ዲኤንኤን በተመረጠ ስፍራ በሚቆርጠው መሣሪያ በክሪስፐር አጥፍቶ ውጤቱን በ2017 አሳተመ። የሰው ፅንሶች ከአይጦቹ ቀድመው ተሰናከሉ፤ ብላስቶሲስት መሆን ራሱ ተሳናቸው። በአይጥ ፅንስ ኦክት4 ሲጠፋ መነበባቸውን የሚቀጥሉ እንደ ናኖግ ያሉ ጂኖችም በሰው ፅንስ ደከሙ። አንድ ዓይነት ጂን፣ አንድ ዓይነት ስም፣ የተለያየ ውጤት። ያለዚህ ጥናት በአይጥ ብቻ ተመሥርተን ስለ ሰው ፅንስ የምንናገረው ስህተት ይሆን ነበር።

የመጨረሻው፣ እንዲህ ያለውን ሳይንስ ለባለጸጎች እንተው የሚለው አባባላቸው፣ የሳይንስ ስህተት ባይሆንም ለተማሪዎቻችን አይገባም። ክሪስፐርና ፍሎረሰንት ማይክሮስኮፕ ውድ መሆናቸውን አልክድም። ጥያቄ መጠየቅ ግን ውድ አይደለም። እኔ የፅንስን መጀመሪያ የማስተምረው ከሰኞ ገበያ በተገዛ የሐበሻ ዶሮ እንቁላል ነው። አውራ ዶሮ ካለበት ቤት የመጣ መሆኑን ሻጯን ጠይቀን እንገዛለን፤ በጥንቃቄ ሰብረን በሳህን ላይ እናፈሰዋለን። ጥቂት ስንታገሥ አስኳሉ ላይ ከምስር ፍሬ የማትበልጥ ነጭ ክብ ትታያለች። ተማሪዎቹ ቢጫው ጫጩት የሚሆን ይመስላቸዋል፤ ቢጫው ስንቅ ነው፤ ጫጩቱ የሚወጣው ከዚያች ነጭ ክብ ነው። እንቁላሉ በተጣለበት ሰዓት እንኳ በክቧ ውስጥ ከ40,000 እስከ 60,000 የሚደርሱ ሕዋሶች አሉ። የደሴ ብርድና የመብራት መጥፋት እንቁላል የምናሞቅበትን ሣጥናችንን ሲያቀዘቅዝብን እንቁላሎቹን ከጎረቤት ላቀፈች ዶሮ በአደራ እንሰጣለን፤ በሦስተኛው ቀን አንዱን ስንሰብረው ቀይ የደም ሥሮችና የምትመታ ልብ እናያለን።

በዚህ ዓመት ከሐይቅ የመጣች አንዲት ተማሪ ያን ጽሑፍ አንብባ ኖሮ፣ ነጯን ክብ ትኩር ብላ አይታ «መምህር፣ እዚህች ውስጥ ኦክት4 አለ ማለት ነው?» አለችኝ። መልሱን አልነገርኳትም፤ የጂን ቅደም ተከተሎች ለማንም በነጻ የሚገኙበትን ጂንባንክን በቤተ መጻሕፍቱ ኮምፒውተር ከፍታ እንድትፈልግ ላክኋት። ከሁለት ቀን በኋላ ወረቀቷን ይዛ መጣች። በዶሮ ፅንስ ያን ሥራ የሚሠራው የኦክት4 ዘመድ የሆነው ፓው5ኤፍ3 መሆኑን አግኝታ፣ የሰውን፣ የአይጥንና የዶሮን ፕሮቲን ጎን ለጎን ደርድራ፣ ዲኤንኤን የሚይዘው ክፍል በሦስቱም ሲመሳሰል ጫፎቹ ግን እንደሚለያዩ በእርሳስ አስምራ ነበር። ከሥሩም «ለሰው የተሠራ አንቲቦዲ ጫፉን የሚይዝ ከሆነ በዶሮ ላይ ላይሠራ ይችላል» ብላ ጽፋለች። ለጽሑፉ ባለቤት ይህን ምላሽ በምልክበት ጊዜ የእሷን ወረቀት ቅጂ አያይዤዋለሁ።